«ማን ነህ?» — ኮምፒውተር የተሰካበትን ዕቃ የሚለይበት መንገድ

ባለፈው ላፕቶፔን ፎርማት አደረግኩት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ሲነሳ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ስክሪኑ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል። ዋይፋይ ግን የለም። ምልክቱ እንኳ የለም። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ስከፍት ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት የተለጠፈበት አንድ መስመር አገኘሁ። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ይላል።

ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ኮምፒውተሩ ዕቃው መኖሩን ያውቃል። የኔትወርክ ዕቃ መሆኑንም ያውቃል፤ ጽፎታል እኮ። ማን እንደሠራውና የትኛው ሞዴል እንደሆነ በቁጥር ይዞታል። ግን አንዲት ቃል ሊያናግረው አይችልም። ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ላውርድ ብል ደግሞ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባኝ ራሱ ያ ዕቃ ነው።

መጨረሻ ላይ ያዳነኝ ስልኬ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ሰካሁት፣ ኢንተርኔት ማጋሪያውን አበራሁ፣ ወዲያው ላፕቶፑ ኢንተርኔት አገኘ። ምንም ድራይቨር አልጫንኩም። ታዲያ ሆዱ ውስጥ የተገጠመውን ዋይፋይ ማናገር ያቃተው ሲስተም፣ አይቶት የማያውቀውን ስልክ እንዴት አናገረው?

«ኮምፒውተሩ ዕቃውን አወቀው» ማለት ለምደናል። ኮምፒውተር ግን ዕቃ አይቶ አይለይም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር «ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ የተመለሰለትን እንዳለ ያምናል። ዓይን ቢኖረው ኖሮ ዓይኑን ጨፍኖ ያምናል እንል ነበር። የዛሬው ወሬያችን በሙሉ ከዚህች ጥያቄና መልስ አይወጣም።

መጀመሪያ ድራይቨር ምን እንደሆነ እናንሳ፤ ቶሎ እናልፈዋለን። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «ይህን ፋይል አስቀምጥ»፣ «ይህን ድምፅ አሰማ» እያለ በጥቅሉ ያዛል። ዕቃው ግን ጥቅል ነገር አይገባውም። እሱ የሚያውቀው በዚህ አድራሻ ይህን ቁጥር ጻፍ፣ ጠብቅ፣ ከዚያኛው አድራሻ ውጤቱን አንብብ የሚል ነገር ብቻ ነው። ድራይቨር በሁለቱ መካከል የተቀመጠ አስተርጓሚ ነው። የአንዱ ዕቃ አስተርጓሚ ደግሞ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ሲስተሙ ማን ማን እንዳለ ማወቅና ለእያንዳንዱ የሚሆነውን አስተርጓሚ መጥራት አለበት።

ድሮ ይህ የሰው ሥራ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የድምፅ ካርድ የሚገጥም ሰው ጀምፐር የሚባሉትን ጥቃቅን ማገናኛዎች በጣቱ እየነቀለ ይተክል ነበር። ሳውንድ ብላስተር የሚባለው የድምፅ ካርድ የነበረው ሰው 220፣ 5 እና 1 የሚሉትን ቁጥሮች ዛሬም ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል። የካርዱ አድራሻ፣ የኢንተራፕት መስመሩና የዲኤምኤ ቻናሉ (ፕሮሰሰሩን ሳያደክም ከሜሞሪ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ናቸው። ኢንተራፕት ዕቃው ፕሮሰሰሩን «ስማኝ» ብሎ የሚጎትትበት መስመር ነው። ሁለት ካርዶች በአንድ መስመር ላይ ከተሻሙ ወይ አንዱ ዝም ይላል፣ ወይ ማሽኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ችግሩ ካርዶቹ ስም አልነበራቸውም። ሶፍትዌሩ ራሱ ልፈልጋቸው ቢል በጨለማ ከመዳበስ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። አንድ አድራሻ ላይ ቁጥር ይጽፋል። የኔትወርክ ካርድ የሚሰጠው ዓይነት መልስ ከመጣ «የኔትወርክ ካርድ ነው» ይላል። እዚያ ቦታ የነበረው ሌላ ካርድ ከሆነስ? ያልጠበቀው ቁጥር ይደርሰውና ይቃወሳል፤ ማሽኑም አብሮት ይቆማል። ፍለጋው ራሱ አደጋ ነበር።

በኦገስት 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ይህን ሥራ ከሰው ትከሻ ላውርድ ብሎ ተነሳ። «ፕላግ ኤንድ ፕሌይ» ተባለ፤ ሰካና ተጠቀም። የጊዜው ባለሙያዎች ግን ስሙን አጣመው «ፕላግ ኤንድ ፕሬይ» ይሉት ነበር፤ ሰካና ጸልይ። ያለ ምክንያት አልነበረም። ኤፕሪል 20 ቀን 1998 ቺካጎ ውስጥ ኮምዴክስ በተባለ የኮምፒውተር ትርኢት ላይ ቢል ጌትስ ዊንዶውስ 98ን እያስተዋወቀ ነበር። ባልደረባው ስካነር ሰክቶ ሲስተሙ እንዴት በራሱ እንደሚያውቀው ሊያሳይ ሲል፣ ትልቁ ስክሪን ሰማያዊ ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ነገሩን ያቃናው ለዕቃዎቹ ስም መውጣቱ ነው። ኢንቴል በ1992 ያስተዋወቀው ፒሲአይ የሚባል የካርድ መሰኪያ ደንብ እያንዳንዱ ካርድ 256 ባይት የሚሆን መታወቂያ ይዞ እንዲመጣ አደረገ። ዛሬ ግራፊክስ ካርድና ኤስኤስዲ የሚገጠሙበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ መታወቂያውን ወደ 4096 ባይት አሳድጎታል፤ የፊቱ ገጽ ግን ያው ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ባይቶች የአምራቹ ቁጥር፣ ቀጣዮቹ 2 የዕቃው ቁጥር። እንደ አባት ስምና እንደ ራስ ስም ቁጠሯቸው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ግን የአባት ስም የሚያወጣው ፒሲአይ-ሲግ የሚባል የአምራቾች ማኅበር ነው። የኤኤምዲ ቁጥር 1022 ነው። የኢንቴል 8086 ነው፤ በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ስም። መሐንዲሶችም ቀልድ ይወዳሉ።

ማሽኑ ሲነሳ በመስመሩ ላይ ባሉት ቦታዎች ሁሉ በተራ ይጣራል። እስከ 256 ባስ (ዕቃዎች የሚያያዙበት የጋራ መስመር)፣ በእያንዳንዱ ባስ 32 ዲቫይስ፣ በእያንዳንዱ ዲቫይስ 8 ፈንክሽን ሊኖር ይችላል። ሲባዛ 65,536 በር ነው። «የአምራችህ ቁጥር?» ይላል። ሰው ካለ ቁጥሩን ይናገራል። ከሌለ ፕሮሰሰሩ የሚያነበው ቢቶቹ በሙሉ 1 የሆኑ ቁጥር፣ ማለትም 65535 ነው። ይህ ቁጥር ለማንም አምራች አይሰጥም። ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሁሉም በር አይንኳኳም። ከባስ 0 ይጀመራል፣ ብሪጅ የሚባል መሻገሪያ ሲገኝ ብቻ ወደ ቀጣዩ ባስ ይታለፋል። ዓይናችሁን እስክታሹ ያልቃል።

ከፒሲአይ አሠራር ውስጥ በጣም የምወዳት አንዲት ዘዴ አለች። ካርዱ ምን ያህል የአድራሻ ቦታ እንደሚፈልግ እንዴት ይታወቃል? ሲስተሙ የካርዱ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ይጽፋል። ከዚያ መልሶ ያነበዋል። ካርዱ የታችኞቹን ቢቶች አላስጽፍም ብሎ 0 እንዳሉ ይይዛቸዋል። ስንቱን እንደያዘ የሚፈልገውን መጠን ይነግራል። ዓይነቱን የሚያመለክቱትን ጥቂት ቢቶች ትተን፣ የታችኞቹ 12 ቢቶች 0 ሆነው ከተመለሱ ካርዱ 4096 ባይት እፈልጋለሁ እያለ ነው። ድሮ ሰው በጀምፐር ሲታገልበት የነበረው ነገር በአንድ መጻፍና በአንድ ማንበብ አለቀ።

ፒሲአይ ሲጠሩት አቤት ይላል። ዩኤስቢ ደግሞ ሳይጠሩት አቤት ነው። የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ በ1996 ሲወጣ ሐሳቡ ዕቃ በማንኛውም ሰዓት ይሰካል፣ በማንኛውም ሰዓት ይነቀላል የሚል ነበር። ስለዚህ ራሱ የተሰካው ዕቃ መጮህ አለበት። አንድ ፍላሽ ስትሰኩ የሚሆነውን ቀስ ብለን እንየው። የምነግራችሁ እስከ ዩኤስቢ 2.0 ያለውን ነው፤ ዩኤስቢ 3 መሰካቱን የሚያውቅበት መንገድ ይለያል፣ ጠቅላላ ጨዋታው ግን ያው ነው።

የፍላሹን አፍ ልብ ብላችሁ ብታዩት አራት ምላሶች አሉት። የዳር የዳሮቹ ረዘም ይላሉ። የኤሌክትሪክ መስመሮች ናቸው። ስለዚህ ፍላሹ መረጃ ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪክ ያገኛል። መሐል ያሉት ሁለቱ አጫጭሮች የመረጃ ሽቦዎች ናቸው። ፍላሹ ነፍስ ሲዘራ ውስጡ ያለች 1.5 ኪሎ ኦም የሆነች ሬዚስተር ከሁለቱ የአንዱን ቮልቴጅ ከፍ ታደርጋለች። በቃ፣ «አቤት» የምትለው እሷ ናት። የትኛው ሽቦ ከፍ እንዳለ ደግሞ የዕቃውን ፍጥነት ይናገራል።

ሲስተሙ ወዲያው አይሮጥም። እጃችሁ ገና እየገፋ ነው፤ ምላሶቹ ይነካካሉ፣ ይለያያሉ። ስለዚህ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ነገሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። ከዚያ ሪሴት ይልካል። ከሪሴት የወጣ ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ አድራሻው 0 ነው። ሁሉም ሲወለድ 0 ነው። ለዚህ ነው ሲስተሙ በአንድ መስመር ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ብቻ የሚያስተናግደው፤ ሁለት 0 አንድ ላይ ከቆሙ «አንተ» ሲባል ሁለቱም ይመልሳሉ። ጥቂት ተነጋግረው ሲስተሙ ከ1 እስከ 127 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ በዚህ ቁጥር ይጠራል።

አሁን ትክክለኛው «ማን ነህ?» ይመጣል። ፍላሹ 18 ባይት ይመልሳል። በነዚህ 18 ባይቶች ውስጥ የአምራቹ ቁጥር፣ የምርቱ ቁጥር፣ የስሪቱ ቁጥር አሉ። ቀጥሎ ስለ ሥራው ይጠየቃል። ስንት ሚሊአምፔር ትፈልጋለህ? እስኪፈቀድለት ድረስ ከ100 በላይ መውሰድ ክልክል ነው፤ ሲፈቀድለት እስከ 500 ይደርሳል። ሥራህስ ምንድን ነው? ፍላሹ «8» ይላል። በዩኤስቢ ቋንቋ 8 ማለት ማከማቻ ነው። ኪቦርድና ማውስ 3 ናቸው፣ ፕሪንተር 7፣ ድምፅ 1፣ ካሜራ 14።

ይህ «ሥራ» የሚነገረው ለዕቃው ሳይሆን ኢንተርፌስ ለሚባለው ክፍሉ ነው። ማይክ ያለው ዌብካም አንድ ገመድ አለው፣ በውስጡ ግን «14 ነኝ» እና «1 ነኝ» የሚሉ ክፍሎች ተቀምጠዋል። ለየሥራው የራሱ ድራይቨር ይመጣለታል። ካሜራው እየሠራ ማይኩ ብቻ እንቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የማከማቻ ድራይቨሩ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ከ«ማን ነህ?» ይጀምራል፤ አሁን በዲስክ ቋንቋ። መጠንህ ስንት ነው? የመጀመሪያውን ቁራጭ አሳየኝ። ስንት ቦታ ተከፋፍለሃል? ፋይሎቹ የተቀመጡት በምን ሥርዓት ነው? እናንተ «ፍላሹ ገባ» የምትሉት ይህ ሁሉ አልቆ ምልክቱ ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው።

ሲጠሯቸው አቤት የማይሉም አሉ። የላፕቶፕ ታችፓድ፣ የባትሪ መቆጣጠሪያ፣ የስልክ የብርሃን ሴንሰር፤ አብዛኞቹ ስማቸውን መናገር በማይችሉ ቀላል ሽቦዎች የተያያዙ ናቸው። አድራሻቸውን ለሚያውቅ ይታዘዛሉ፣ ለማያውቅ ዝም ናቸው። ለነዚህ መፍትሔው የስም ዝርዝር ነው፤ ቦርዱን የሠራው ሰው «እዚህ እከሌ አለ፣ እዚያ እከሌ አለ» ብሎ ጽፎ ያስቀምጣል። በፒሲ ዓለም ዝርዝሩ ኤሲፒአይ ይባላል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 ያወጡት ነው። ማሽኑ ሲነሳ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቀድሞ የሚነቃው የቦርዱ ፕሮግራም፣ ባዮሱ ወይም ዩኢኤፍአዩ፣ ለሲስተሙ ያስረክበዋል።

በኤአርኤም ቺፕ በሚሠሩ ስልኮችና ትናንሽ ቦርዶች ላይ ደግሞ ዲቫይስ ትሪ የሚባል ፋይል አለ። እያንዳንዱ ቺፕ አጠገብ «ከነዚህ ጋር እስማማለሁ» የሚል መስመር ይጻፋል፤ ከቀረበው ሞዴል ይጀምርና ወደ አጠቃላዩ ይሄዳል። ለኔ ይህ ክፍል አንድ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ይመልስልኛል። አንድ የዊንዶውስ ወይም የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይሠራል። የአንዱን ስልክ ሲስተም ግን ሌላ ሞዴል ስልክ ላይ ብትጭኑት ጥቁር ስክሪን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ዋናው ይህ ነው፤ ፒሲው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ዕቃዎች ሲጠየቁ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ስልኩ ውስጥ ያሉት ግን የሚናገርላቸውን ዝርዝር ይፈልጋሉ። የሌላ ስልክ ዝርዝር ደግሞ የሌላ ሰፈር ካርታ ነው።

ስም ከታወቀ በኋላ ማጋጠሙ ይቀራል። ብዙ ሰው ሲስተሙ ውስጥ የዓለም ዕቃ ሁሉ የተመዘገበበት አንድ ትልቅ መዝገብ ያለ ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር የሚያስተናግዳቸውን ዕቃዎች ስም ይዞ ይመጣል። ሲስተሙ ዝርዝሮቹን ይሰበስባል እንጂ አይደርሳቸውም።

ሊኑክስ ላይ ይህ ፍንትው ብሎ ይታያል። ከሁሉም ድራይቨሮች የተለቀሙት ስሞች ሞጁልስ ዶት ኤሊያስ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተደርድረዋል። ብዙ ሺህ መስመሮች ናቸው፤ በአንድ በኩል የዕቃው ቁጥሮች፣ በሌላ በኩል የድራይቨሩ ስም። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል አዲስ ዕቃ ሲያገኝ ቁጥሮቹን በአንድ መስመር ገጣጥሞ «ይህ መጥቷል» ብሎ ያውጃል። ዩዴቭ የሚባል ፕሮግራም አዋጁን ይሰማል፣ የሚገጥመው መስመር እንዲፈለግ ያደርጋል፣ ድራይቨሩ ይጫናል። መስመሮቹ ውስጥ የኮከብ ምልክቶች አሉ። «እዚህ ላይ የፈለገው ቁጥር ይሁን» ማለት ናቸው።

ስም መግጠሙ ግን ገና ጋብቻ አይደለም። ከርነሉ ድራይቨሩን ፕሮብ በሚባል ተግባሩ በኩል ይጠራዋል። ድራይቨሩ ዕቃውን ቀረብ ብሎ ያየዋል፣ ይነካካዋል፣ ከዚያ «የኔ ነው» ወይም «የኔ አይደለም» ይላል። ሦስተኛ መልስም አለ፤ «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ጥራኝ»። ለምሳሌ የስልክ ካሜራ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሌላ ቺፕ ገና አልነቃ ይሆናል። ከርነሉ ስሙን ይይዝና በኋላ ይመለስበታል።

ዊንዶውስ ላይ ዝርዝሩ የሚጻፈው አይኤንኤፍ በሚባሉ ፋይሎች ነው። እነሱም በኖትፓድ የሚከፈቱ ተራ ጽሑፎች ናቸው። ዕቃው ሲገኝ ዊንዶውስ ለአንዱ ዕቃ ብዙ ስሞች ያዘጋጅለታል። የመጀመሪያው አምራቹን፣ ሞዴሉንና ስሪቱን አሟልቶ ይጠራል። ቀጣዩ ስሪቱን ይተዋል። እያለ እያለ የመጨረሻው «የሆነ ማከማቻ» ብቻ ይላል። ከላይ የገጠመ ድራይቨር ከታች ከገጠመው ይበልጣል። የተፈረመበት፣ ማለትም ማን እንዳወጣው በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ፣ ካልተፈረመበት ይቀድማል። እኩል ከሆኑ ቀኑና ስሪቱ ይታያል። 64 ቢት በሆነው ዊንዶውስ ቪስታ ከተጀመረ ወዲህ ፊርማ የሌለው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አይገባም፤ ድራይቨር አንዴ ከገባ ማሽኑን ሊያወድቅ ስለሚችል ግዴታው ትክክል ይመስለኛል። ማክ ላይ ደግሞ የገጠሙት ድራይቨሮች ለዕቃው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ይወስደዋል።

ያ «የሆነ ማከማቻ» የሚለው የመጨረሻው ስም ትንሽ ይመስላል እንጂ ኑሯችንን ያቀለለው እሱ ነው። 8 ነኝ ያለ ፍላሽ ማንም ይሥራው ማን፣ የማከማቻ ደንቡን እስካከበረ ድረስ በአንድ ድራይቨር ይሠራል። ኪቦርድም እንዲሁ። በፒሲአይ በኩልም ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ፈጣን ኤስኤስዲዎች ዓይነት 1፣ ንዑስ ዓይነት 8 ነን ይላሉ፤ የአምራቹን ስም ሳይጠይቅ የሚቀበላቸው አንድ ድራይቨር አለ። ስልኬም ያዳነኝ በዚህ ነው። ኢንተርኔት ማጋሪያውን ሳበራ ስልኩ «የኔትወርክ ካርድ ነኝ» ብሎ በታወቀ ደንብ ራሱን አቀረበ። ለዚያ ደንብ ዊንዶውስ ዝግጁ ድራይቨር አለው። የዋይፋይ ቺፖች ግን ሁሉም የሚገዙለት እንዲህ ያለ የጋራ ደንብ የላቸውም። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቋንቋ ይናገራል፤ ስለዚህ የግድ የራሱ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ድራይቨሮቹ የተቀመጡት ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ለማንበብ ደግሞ የዲስክ ድራይቨር ያስፈልጋል። የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ መቆለፍ ይሏል ይህ ነው። ሊኑክስ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጥቅል ያዘጋጃል፤ አስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች ውስጡ አሉ። ዩኢኤፍአይ በራሱ ቀላል የዲስክ ማንበቢያ ተጠቅሞ ጥቅሉን ወደ ሜሞሪ ይጭነዋል፣ ከርነሉ ከዚያ አንስቶ ዲስኩን ይከፍታል። ዊንዶውስም በተመሳሳይ መንገድ ለመነሻ የሚሆኑ ድራይቨሮችን አስቀድሞ ያስጭናል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ ስትጭኑ «ምንም ዲስክ አልተገኘም» የሚላችሁ ጊዜ አለ። ዲስኩ አልሞተም። ከዲስኩ በፊት የተቀመጠው ኮንትሮለር ድራይቨር መጫኛው ውስጥ የለም ማለት ነው። በሌላ ፍላሽ አቅርቡለት፣ ዲስኩ ብቅ ይላል።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ፤ ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃው ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም። ብዙ የዋይፋይ ቺፖች ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ባዶ ናቸው። ስማቸውን ከመናገር በቀር ምንም አያውቁም። ድራይቨሩ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ፣ ቺፑ ውስጥ የሚጨመረው ፋይል ከሌለ ዋይፋይ የለም። ፋይሉ የአምራቹ ስለሆነ ነፃ ሶፍትዌር ብቻ እናድላለን የሚሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ለዓመታት አላካተቱትም። ከነሱ አንዱ የሆነው ደቢያን መጫኛው ውስጥ ያስገባው በ2023 በወጣው 12ኛ ስሪቱ ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ አዲስ ተጠቃሚ «ሊኑክስ ዋይፋይ አይችልም» ብሎ እንደተመለሰ ሳስበው ያናድደኛል።

አሁን አንድ የጅል የሚመስል ጥያቄ ላንሳ። ሲስተሙ የተነገረውን ካመነ፣ ዕቃው ቢዋሽስ?

ይዋሻል። አንዳንዱ ውሸት ለደግ ነው። የዩኤስቢ ሞደም ወይም ዶንግል የተጠቀማችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ስትሰኩት መጀመሪያ የሚመጣው ሞደም ሳይሆን ሲዲ ነው። ሞደሙ «ሲዲ ማንበቢያ ነኝ» ይላል፣ ለዚያ ድራይቨር ሁሉም ሲስተም አለው። «ሲዲው» ውስጥ የሞደሙ የራሱ ድራይቨር አለ። እሱ ከተጫነ በኋላ ሞደሙ ራሱን የነቀለ መስሎ ይጠፋና በሌላ ቁጥር ይመለሳል፤ «አሁን ሞደም ነኝ»። ዘዴው ብልጥ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ያ መጫኛ ስለማይሠራ ሞደሙ ሲዲ እንደሆነ ይቀር ነበር። ዩኤስቢ ሞድስዊች የተባለ ፕሮግራም የተጻፈው «ገብቶናል፣ አሁን ተቀየር» ብሎ ለመንገር ነው።

ለክፉ የሚዋሸውም አለ። በ2014 ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች ብላክ ሃት በተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ ባድዩኤስቢ ያሉትን አሳዩ። መልኩ ፍላሽ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተቀይሮ «3 ነኝ፣ ኪቦርድ ነኝ» ይላል። ሲስተሙ ያምናል፤ ኪቦርድ ደግሞ የሚተይበው ሁሉ እንደ ባለቤቱ ትእዛዝ ይቆጠራል። ፍላሹ ማንም ሳይነካው ትእዛዝ መተየብ ይጀምራል። ቫይረስ መፈለጊያው ፋይል ቢያስስ የሚያገኘው የለም። ወድቆ ያገኛችሁትን ፍላሽ አትሰኩ የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚያው በ2014 ውሸቱ በተቃራኒው መጣ። ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ ዩኤስቢን ከድሮው ሲሪያል መስመር ጋር የሚያገናኝ ታዋቂ ቺፕ አለው። አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ የሚያስመስሉት ደግሞ ቁጥሩንም ጭምር ነው። በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የመጣ የኩባንያው አዲስ ድራይቨር አስመሳይ ቺፖችን እየለየ የምርት ቁጥራቸውን 0 አደረገው። ቺፑ አልተቃጠለም። ስሙን ብቻ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ «0 ነኝ» ይላል፣ ዊንዶውስ ላይ 0 የሚባል የሚያውቅ ድራይቨር አልነበረም። ሳያውቁት አስመሳይ የገዙ ሰዎች ዕቃቸው በድን ሆነባቸው። ጩኸቱ በረታና ድራይቨሩ ከአፕዴቱ ተወገደ።

አንድ የምትገርሙበትን ትንሽ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ዕቃ ከአንዱ ዩኤስቢ ቀዳዳ አውጥታችሁ ሌላው ላይ ስትሰኩት ዊንዶውስ እንደ አዲስ «እያዘጋጀሁ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ የትም ብትሰኩት ምንም አይልም። ልዩነቱ የሲሪያል ቁጥር ነው። ሲሪያል ያለው ዕቃ የትም ቢሄድ ያው ራሱ ነው። ሲሪያል የሌለውን ግን ዊንዶውስ የሚያስታውሰው በተሰካበት ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ ሲቀይር ሌላ ዕቃ ይሆንበታል።

ይህን ሁሉ ካወቅን ብልሽት ማንበብም ይቀላል። ዕቃውን ስትሰኩ ምንም ካልመጣ፣ ያ ድምፅም ካልተሰማ፣ «አቤት» ያለ የለም። ገመዱን ጠርጥሩ፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ገመዶች የመረጃ ሽቦ የላቸውም። «ያልታወቀ የዩኤስቢ ዕቃ» ብሎ ኮድ 43 ከሰጠ፣ አቤት ብሏል ግን ስሙን አጥርቶ መናገር አቅቶታል። ገመድ፣ ቀዳዳ፣ ወይም ራሱ ዕቃው። እዚህ ላይ ድራይቨር እያወረዱ መድከም ከንቱ ነው፤ ስሙ ያልታወቀን ምን አስተርጓሚ ይመጣለታል? ኮድ 28 ደግሞ ስሙ ታውቋል፣ አስተርጓሚው ግን የለም ይላል። ኮድ 10 ከሆነ አስተርጓሚው መጥቶ ዕቃውን ማስነሳት አቅቶታል።

የኔ ዋይፋይ ኮድ 28 ነበር። በመስመሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ብትገቡ፣ ሃርድዌር አይዲዎች የሚለውን ብትመርጡ እነዚያን ቁጥሮች በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ላይኛው ረጅም፣ የታችኛው አጭር። የላፕቶፑን ሞዴል ይዞ ከመንከራተት እነሱን ሰርች ማድረግ ይሻላል፤ አንድ ሞዴል ላፕቶፕ ሦስት ዓይነት የዋይፋይ ካርድ ይዞ ሊወጣ ይችላል፣ ቁጥሩ ግን አይለዋወጥም። እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም። ስልኩ በተሰካ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዊንዶውስ ቁጥሮቹን ለአፕዴት ሰርቨሩ ልኮ ድራይቨሩን አመጣ። ሪስታርት እንኳ አልጠየቀኝም። ቢጫው ምልክት ጠፋ፣ ዋይፋዩ የጎረቤቶቼን ኔትወርክ ስም ይዘረዝር ጀመር፣ እኔም ስልኬን ነቀልኩ።